ተጠባባቂው

ከሐረማያ ወረድሁ ደንገጎን ዞሬ፣
ድሬ ገባሁ በጧት ብር ቋጥሬ፤
ሌላው ለሽቶ ይመጣል፣ ሌላው ለሽርጥ፣
እኔ የጀልባ ሞተር ልመርጥ።

«የጀልባ?» አለኝ ባለ ባጃጁ፣ ዞሮ እያየ፣
ደቻቱን በጣቱ እያሳየ፤
አሸዋ ተኝቶ፣ ፍየል ቆሞበት፣
የባለፈው ጎርፍ ፌስታል ሰቅሎበት።
ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ታይዋን አወረደኝ፣
«ባሕሩን ስታገኝ ደውል» ብሎ ተወኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ባለፈው ሐሙስ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣
አሥራ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭነን፣ ሐይቁ መሐል፣
ትልቁ ሞተር አንዴ አስነጠሰ፣
አንዴ ቃተተ፣ ጭሱን መለሰ፣
ዝም አለ።
ኢብሳ ክዳኑን ከፈተ፣ ካንዴላ ነቀለ፣
ነፋበት፣ ጠረገ፣ በሱሪው አሸ፣
እስከዚያው መሸ።
በሳፋ ቀዘፍን። አዎ፣ በልብስ ማጠቢያ፣
በዚያች ሰማያዊ፣ ውኃ መጨለፊያ፤
ቄጠማው ያዘን፣ ለቀቀን፣ ያዘን፣
እኩለ ሌሊት ላይ ዳር ደረስን፣
ሽንኩርቱ ርሶ፣ እኛ ተኳርፈን።

ሂንዲያ ሱቅ ውስጥ ሦስት ተደርድረዋል፤
አንዱ ስድስት ፈረስ፣ አዲስ፣ ያብረቀርቃል፣
ሁለት ሰው ይፈልጋል ለመሸከሚያው፣
ዋጋውን ስሰማ አስቀመጥሁት፣ ሳላነሳው።
ሁለተኛው ጨዋ፤ ዘይቱ ለብቻው፣ ቤንዚኑ ለብቻው፤
ሲታመምስ መለዋወጫው?
«ከጅቡቲ፣ አላህ ካለ፣ በወሩ መጨረሻው።»
ሦስተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ ሁለት ፈረስ ተኩል፣
ታጁራ ዓሣ ያጠመደ ነው፣ ሽታው ይመሰክራል።

«ልትሮጥ ነው ወይስ ልትመለስ?»
አለች፣ በካርቶን ስታራግብ ለራስዋ ነፋስ።
«ልመለስ» አልኋት። «ለሩጫው ትልቁ አለ።»
«እንግዲህ ፈረስ አትቁጠር፤ በቅሎም ትበቃለች፤
የጀልባህ ኋላ ቁመቱ ስንት ነው?» አለች።

አልለካሁም። ሃያ ዓመት ሐዲድ የለካሁ፣
እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «እስከዚህ» አልሁ።
«ሞተሩ ጭንህ ላይ አይታሰርም፤
እግሩ ከረዘመ ጭቃ ይልሳል፣ ካጠረ ውኃ አያገኝም።»
ለኢብሳ ደወልሁ። «ለካ» አልሁት። «በምን?»
«በስንዝር።» ውኃ ውስጥ ሲራመድ ሰማሁ ድምፁን፤
«ሁለት ስንዝር፣ አንድ ጣት ሲቀረው።»
የኢብሳ ስንዝር ግን የማን ስንዝር ነው?
በአንድ እጁ ሐብሐብ የሚያነሳ ሰው!
ሂንዲያ ሜትር አወጣች፣ የኔን እጅ ለካች፣
ለኢብሳ ሁለት ጣት ጨመረች፣
«አጭር እግር» ብላ ፈረደች።

ከዚያ በርሜል ወጣ ደጅ፣ ዛፉ ሥር፣
ስድስት ጀሪካን ውኃ ተገዛ፣ በብር፣
በግንቦት!
ልጆች ቆሙ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ፍየል መጣ ሊጠጣበት፤
የድሬ ባሕር ይኼው፣ ጥልቀቱ እስከ እምብርት።

ቀኝ ትከሻዬ ምድር ባቡር ቀርቷል፣
ብሎን ሲፈታ ኖሮ ከአገልግሎት ወጥቷል፤
ገመዱን በግራዬ ሳብሁ። ሳል።
ደግሜ ሳብሁ። ተነሳ! በርሜሉ ይንቀጠቀጣል፣
ውኃው ይፈላል፣ ልጆቹ ይርሳሉ፣
ሴቶቹ «ያ ረቢ» ይላሉ።
ከጎኑ ቀጭን ውኃ ሸና፣ እንደ ሕፃን ልጅ፤
«ሽንቱ ካቆመ ታሟል፣ አጥፋው፤
ሌላ ምልክት አትፈልግ፣ ወዳጅ።»

የሚያብረቀርቀውን አልተመኘሁም አልልም።
ግን እኔ ሐይቁ ሲሄድ ያየሁ ነኝ፤
መልሕቅ በተጣለበት ላይ ብስክሌት የነዳሁ ነኝ፤
የተሰነጠቀ ጭቃ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣
ላሞች ሲያቋርጡት፣ ያለ ድልድይ፣ ያለ ፍርሃት።
ከዚያ ውኃው ተመለሰ፣ ማንም ሳይጠራው፣
እንደ ኮበለለ ባል፣ ማታ፣ ከነሻንጣው።
አመንሁት? ጀልባ ሠራሁበት፤
ኪሴ ውስጥ ግን ካንዴላ አለኝ፣ ሁለት።

የተላጠውን ገዛሁ።

ሚኒባስ ላይ ረዳቱ አየኝ፣ አየው፤
«ይኼም ይከፍላል» አለኝ፣ «ምንድነው?»
«ልጄ ነው» አልሁት። በግማሽ ተስማማን፤
ጭኔ ላይ ተቀመጠ፣ ቤንዚን እየሸተተን።

መኪናው ደንገጎን ወጣ፣ ወጣ፣
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ነጭ ጭስ አመጣ፣
አስነጠሰ፣ ቃተተ፣ ቆመ።
ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ፣ ጣቱን እየነፋ፣ አጉረመረመ።
አሥራ አራት መንገደኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን አዙሮ፣
ጭኔ ላይ ያለውን ያያል፣ አተኩሮ።